«ቶርቲያዬን እንዳትነኪ!»፦ ከላቲና እናቶች ጋር ስለ መገብየት ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ የአመጋገብ ትምህርት እሰጣለሁ። ተማሪዎቼ ላቲናዎች፣ ማለትም ከላቲን አሜሪካ የመጡ እናቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ፣ ጥቂቶቹ ከሜክሲኮ የመጡ። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ስለበዛ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለምን እነሱን ለይታችሁ?

መልስ፦ በስኳር በሽታ ምክንያት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው፣ አንድ አሜሪካዊ አዋቂ በዕድሜው ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሉ 40 በመቶ ነው። የላቲኖዎቹ ከ50 በመቶ ይበልጣል። የቤቱን አስቤዛ የምትገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናት ናት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ክፍል ውስጥ ነው የምታስተምሪው?

መልስ፦ ድሮ አዎ። ወረቀት አድላለሁ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በማግስቱ ያው የለመዱትን ይገዛሉ። አሁን ስድስት ሆነን አንድ ጋሪ ይዘን ሱፐርማርኬት እንገባለን። መጀመሪያ ለስላሳው ጋ እንቆማለን። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ፣ 355 ሚሊ ሊትር፣ 39 ግራም ስኳር አለው። አራት ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ከቤት ስኳርና ብርጭቆ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንዷ እየቆጠረች ትጨምራለች። ባለፈው ሰባተኛው ማንኪያ ላይ ጓደኛዋ «ባስታ!» ብላ እጇን ያዘቻት። በቃ ማለቷ ነው። ገና ሦስት ማንኪያ ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ እሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። እንዴት ያነቡታል?

መልስ፦ ቁጥር ቋንቋ አይፈልግም። ከጀርባው ሰንጠረዥ በስተቀኝ ያለውን በመቶኛ ያያሉ፦ 5 እና ከዚያ በታች ትንሽ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ብዙ። ጨውና ስኳር ላይ ትንሹን፣ አሰር (ፋይበር) ላይ ብዙውን እንፈልጋለን። የሚያስቸግሩኝ ሜክሲኮዎቹ ናቸው። አገራቸው ውስጥ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር ወይም ጨው የበዛበት እሽግ ፊቱ ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት አለው። እዚህ ያንን ሲያጡ «ደህና ነው» ብለው ጋሪው ውስጥ ይጥሉታል።

ጥያቄ፦ ቶርቲያውን፣ ያንን ስስ ቂጣቸውን፣ ተዉ ትያቸዋለሽ?

መልስ፦ እኔን እንጀራ ተዪ የሚለኝን እሰማዋለሁ እንዴ? የበቆሎው ቶርቲያ ጥሩ ነው። በቆሎው በኖራ ውሃ ስለሚቀቀል ካልሲየም ይጨምራል። ዊክ (WIC)፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ እናቶችና ሕፃናት ምግብ የሚደጉመው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ራሱ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቀበለዋል። የስንዴው ነው ብዙ ጊዜ ስብና ጨው የሚበዛበት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስይዛቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤናማ ምግብ ውድ ነው እኮ!

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው። ደረቅ አደንጓሬ ርካሽ ነው፣ ግን ሁለት ሥራ የምትሠራ ሴት መቼ ትዘፍዝፈው? የቆርቆሮውን ግዢ፣ አንጠፍጥፈሽ በውሃ እጠቢው፣ ጨዉ ይቀንሳል እላታለሁ። በረዶ የሆነ አትክልትም አይናቅ።

ጥያቄ፦ ቁልቋል ይበላሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ኖፓል ይሉታል። የእኛው በለስ ነው፤ መነሻውም ሜክሲኮ ነው። እኛ ፍሬውን፣ እነሱ ቅጠሉንም። እሾሁን ልጠው፣ ከትፈው፣ በሽንኩርትና በእንቁላል ይጠብሱታል። ቀምሻለሁ፤ እንደ ባሚያ ይዝለገለጋል።

ጥያቄ፦ ባሎችስ ይመጣሉ?

መልስ፦ እስካሁን ሁለት። አንዱ ጋሪ ሊገፋ ነው የመጣው።