ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በሦስት ወር 100 ስትሪፕ፣ ሌሊት ደግሞ ላብ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 67 ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ስኳር ካለብኝ 14 ዓመቴ። ኢንሹራንሴ ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን ኢንሹራንስ ነው። ድሮ በኪኒን ብቻ ነበርኩ። ከ8 ወር በፊት ሐኪሜ ማታ ማታ የምወጋው ላንተስ የሚባል ኢንሱሊን ጨመረልኝ። ግሊፒዛይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒንም አላቆምኩም። ለደም ግፊት ሜቶፕሮሎል እወስዳለሁ። ፋርማሲው ግን አሁንም እንደ ድሮው በሦስት ወር 100 የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ብቻ ይሰጠኛል። ‹ኢንሹራንስዎ ከዚህ በላይ አይከፍልም› ይሉኛል። እንዳያልቅብኝ ብዬ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን አንዴ እለካለሁ። አንድ ወዳጄ የተረፈውን ስትሪፕ በፌስታል ሰጥቶኛል፣ እሱንም እጠቀማለሁ። በቀን አንዴ መለካት ይበቃኛል ወይ? ለነገሩ ስኳሬ ሲወርድ ይታወቀኛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሌሊት ላብ አጥምቆኝ ነቅቻለሁ። እንደዚያ ሲሆን በማግስቱ ኢንሱሊኑን እዘለዋለሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ልጄ ያለችው ቨርጂኒያ ነው።»

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቁኝ ስለ ስትሪፕ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የመጨረሻው መስመር ነው። «ብቻዬን ነው የምኖረው» ሲሉ፣ «አንድ ሌሊት ስኳሬ ወርዶ በዚያው ብቀርስ?» እያሉኝ እንደሆነ ይገባኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ሌሊት ሲወርድ ሰውነት ዝም ብሎ አያይም። ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ይለቃል፣ አድሬናሊን ይነሳል፣ ሰውየውም ሊባንን ይችላል። እርስዎንም ያነቃዎት እሱ ነው። ይህንን በመድኃኒት ማስተካከልና በማሽን መጠበቅ ይቻላል። በዚህ በኩል ልብዎ ይረጋ።

አሁን «ይታወቀኛል» ወዳሉት ልምጣ። ይህችን ቃል ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ እሰማታለሁ። እናቶች ይሉኛል፣ ሹፌሮች ይሉኛል፣ ራሳቸው ነርስ የሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ ይሉኛል። አይታወቅዎትም። ማለቴ፣ ድሮ ይታወቅዎት ይሆናል። ስኳር ሲወርድ እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ ልብ የሚያስመታው፣ ድንገት የሚያስርበው የሰውነት ደወል ነው። ስኳር ከብዙ ዓመት ጋር ይህን ደወል ያደክመዋል። እርስዎ ደግሞ 14 ዓመት ይዘውታል። በዚያ ላይ ስኳር በተደጋጋሚ ሲወርድ ሰውነት ይለምደዋል። በፊት 70 (mg/dL) ላይ ይጮህ የነበረው ደወል፣ 50 ላይ እስኪደርስ ዝም ይላል። 50 ላይ ደግሞ አእምሮ ራሱ ይደነዝዛል። ሰውየው ጁስ መጠጣት እንዳለበት ማሰብ ያቅተዋል። ይነጫነጫል፣ ይደናበራል፣ አንዳንዱ የሰከረ ይመስላል። ከዚያ «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላል። ይታወቀኛል ያለው ሰው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሜቶፕሮሎል ይወስዳሉ። ለደም ግፊትዎ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቆሙት። ግን የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይሸፍነዋል። የማይሸፍነው ላቡን ነው። ለዚህ ነው እርስዎ ሌላ ምንም ሳይሰማዎት ላብ ብቻ የሚያጠምቅዎት። አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታትና ድንዛዜ፦ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ይህ «ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። «ብርድ ልብሱ ከብዶኝ ነው»፣ «ሂተሩ በዝቶ ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እስኪለካ ድረስ ሂተሩ አይደለም። ሌላ ጊዜ እንደዚያ ሆነው ሲነቁ፣ ከመነሳትዎ በፊት እዚያው አልጋው ላይ ይለኩ። ማሽኑም ጁሱም ራስጌዎ ይሁን፣ ኩሽና አይደለም። ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ኩባያ ጁስ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ ይጠጡ። 15 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ስኳር የሌለው ዳየት ኮካ አይሆንም። እንጀራና ቸኮሌት በዚያ ሰዓት ይዘገያሉ። ስኳሩ ከተነሳ በኋላ ግን ትንሽ ነገር መብላት ጥሩ ነው። ጭንቅላትዎ እንደከበደና ነገሩ እንደጠፋብዎት ከተሰማዎት 911 ይደውሉ።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። 8 ወር ሙሉ! ሐኪምዎ ስለ ላቡ ሰምቷል? ከደብዳቤዎ እንደማየው አልሰማም። በራስዎ ላንተሱን ይዘሉና ግሊፒዛይዱን ይውጣሉ። ስኳር የሚያወርዱት ሁለቱም ናቸው። ላንተስ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ መድኃኒት ስለሆነ፣ አንድ ማታ ሲዘሉት በማግስቱ ስኳርዎ ይወጣል። ሐኪሙ የወጣውን ስኳር አይቶ መጠኑን ይጨምርልዎታል። ከዚያ ሌሊት ይወርዳል። እንደገና ፈርተው ይዘላሉ። ሐኪሙ ግን በጨለማ ነው የሚያክምዎት። ጋሼ፣ ይህ በፍጹም አይሆንም። ዛሬ ደውለው «ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ ስኳሬ ሳይወርድ አይቀርም» ይበሉ። ምናልባት የላንተሱ መጠን ይቀነስ ይሆናል፣ ምናልባት ግሊፒዛይዱ ይቆም ይሆናል። እሱን የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ጾም ላይ ከሆኑ ወይም ለመጾም ካሰቡ እሱንም አይደብቁት። ችግር የሚያመጣው የጾም ምግቡ ሳይሆን ሳይበሉ የሚቆዩበት ሰዓት ነው።

ወደ ስትሪፑ ልመለስ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የሜዲኬር ደንብ ኢንሱሊን ለማይወጋ ሰው በሦስት ወር 100 ስትሪፕና 100 የጣት መውጊያ ይሰጣል። ኢንሱሊን ለሚወጋ ደግሞ 300 ስትሪፕና 300 መውጊያ። ማታ አንዴ ብቻ ቢወጉም ኢንሱሊን ነው። ስለዚህ ድርሻዎ በቀን ሦስት ያህል ነው። የሆነው ነገር እንዲህ ይመስለኛል፦ ፋርማሲው ዘንድ ያለው ማዘዣ የኪኒኑ ዘመን ማዘዣ ነው። ኢንሱሊን መጀመርዎ እዚያ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ማንም አላየውም። ስለዚህ ከሐኪምዎ አዲስ የስትሪፕ ማዘዣ ይጠይቁ። ስኳር እንዳለብዎት፣ ኢንሱሊን እንደሚወጉ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚለኩና በወር ስንት ስትሪፕና መውጊያ እንደሚያስፈልግዎት ይጻፍበት። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ማዘዣ አይቀበሉ። በእንደዚህ ዓይነት ወረቀት ነው ሰው በየወሩ የሚመላለሰው።

ከ300 በላይ ካስፈለገም መንገድ አለው። ሐኪሙ በቅርቡ አይቶዎት ምክንያቱን ይጽፋል፣ እርስዎም የለኩበትን መዝገብ ያሳያሉ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ይያዙ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር። ማዘዣው በየዓመቱ ይታደሳል። ስትሪፑም በራሱ አይላክም፣ ሲያልቅ ደውለው ማዘዝ አለብዎት። ፋርማሲውን «የሜዲኬርን ዋጋ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ አለበለዚያ ሌላ ይፈልጉ። የዓመቱ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እርስዎ ከኪስዎ የሚከፍሉት) ካለፈ በኋላ የእርስዎ ድርሻ 20 በመቶ ነው። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ወይም ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካለዎት እሱም ሊሸፈንልዎት ይችላል። ያለዎት አድቫንቴጅ ፕላን (ሜዲኬር በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥበት) ከሆነ የተወሰነ የማሽን ብራንድ ሊያስገድድዎት ስለሚችል፣ ካርድዎ ጀርባ ያለውን ስልክ ይደውሉ። የሜዲኬር ስልክ 1-800-633-4227 ነው። አስተርጓሚ በነፃ ያገኛሉ፣ «አምሃሪክ» ካሉ ይበቃል። እንግሊዝኛው ይከብደኛል ብለው ጉዳዩን ለልጅዎ የዕረፍት ቀን አያሳድሩት።

ደግሞ ለእርስዎ ከስትሪፕም የሚበልጥ ነገር አለ። ክንድ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር፦ ፍሪስታይል ሊብሬ ወይም ዴክስኮም። ቀን ከሌሊት ይለካል፣ ስኳር ሲወርድ ይጮሃል። ከሚያዝያ 2023 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ሜዲኬር ማንኛውንም ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ይሸፍነዋል። በቀን ብዙ ጊዜ መወጋት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ሐኪምዎ ስለ ስኳርዎ አይቶዎት መሆን አለበት። ልጅዎ ቨርጂኒያ ሆና ቁጥሩን በስልኳ ማየት፣ ሲወርድም ማንቂያውን መስማት ትችላለች። ብቻዬን ነኝ ብለውኝ ነበር። ይህ ከተለጠፈ በኋላ ሌሊቱን ብቻዎን አያድሩም። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ሴንሰር ከተጀመረ በኋላ ኦሪጂናል ሜዲኬር (አድቫንቴጅ ያልሆነው፣ መንግሥት በቀጥታ የሚሰጠው) ስትሪፕን ለብቻው አይከፍልም። ሴንሰሩ የሚያሳየውና የሚሰማዎት ካልገጠመ በጣት መለካት ስለሚያስፈልግ፣ በእጅዎ ያለውን ስትሪፕ አይጨርሱት።

የፌስታሉ ስትሪፕ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) በ2019 የሌላ ሰው የነበረ ወይም ከሰው የተገዛ ስትሪፕ አትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቋል። ጊዜው ያለፈበት፣ ክዳኑ ተከፍቶ እርጥበት የገባው ወይም የሌላ ማሽን የሆነ ስትሪፕ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። 55ቱን 110 ብሎ ቢያሳይዎት ተረጋግተው ይተኛሉ። ስትሪፕ ካነሰ ያለ ማዘዣ በርካሽ የሚሸጥ፣ ከነማሽኑ የሚገዛ አለ፣ ዋልማርት ያለው ሪላይኦን አንዱ ነው። እስኪስተካከል በእሱ ይሸፍኑ።

አዲሱ ማዘዣ እስኪመጣ ያለችዎትን ስትሪፕ ዝም ብለው እኩል አያከፋፍሏት። አንዷን ከመተኛትዎ በፊት፣ አንዷን ጠዋት እንደነቁ ያድርጉ። መኪና የሚነዱ ከሆነ ከመንዳትዎ በፊትም ይለኩ። ለሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ደግሞ ስልክዎን ለ9 ሰዓት (በአሜሪካ 3 ኤኤም) ሞልተው ይለኩና ይጻፉት። ሐኪምዎ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ያንን ቁጥር ነው። ማታ ሲለኩ ከ100 በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ሳይበሉ አይተኙ። ዛሬ ማታም ቢሆን።