የታደሰ አሮጌ የእጅ መሣሪያ ለምትገዙ ወጣት አናጢዎች

ውድ ልጆቼ፣

በደሴና በኮምቦልቻ አናጢነት የጀመራችሁ ወጣቶች አንዳንድ ጊዜ የታደሰ አሮጌ መሮ ወይም መጥረቢያ ይዛችሁ ቤቴ ድረስ ትመጡና «ጋሼ፣ ይህ ደህና ነው?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ብዙውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ገንዘቡን ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ስለሆነ መልሴ እናንተንም እኔንም ያሳዝናል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ልትሰሙት የሚገባውን በጽሑፍ ላስቀምጥላችሁ ወሰንሁ። የማወራው ስለ ከባድ የእንጨት ግንባታ መሣሪያ ነው፤ ቋሚውና አግዳሚው በሚስማር ሳይሆን በወንዴና ሴቴ (የአንዱ ጫፍ በሌላው ጉድጓድ ገብቶ) ተጋጥመው በእንጨት ካስማ የሚያያዙበት ሥራ ማለቴ ነው። ለወንበርና ለቁም ሣጥን የሚበቃ መሮ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

በየሱቁ የሚሸጠው አዲስ መሮ አጭርና ቀጭን ነው። ለምሰሶና ለአግዳሚ የሚያስፈልገው ግን ስፋቱ ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ረጅምና ከባድ፣ ቀኑን ሙሉ በእንጨት መዶሻ ቢመታ የሚችል መሮ ነው። እንዲህ ያለው በአዲስነቱ ገበያችን ውስጥ ስለማይገኝ ወደ አሮጌው መሄዳችሁ ትክክል ነው። አሮጌው መሣሪያ አንዳንዱ ከአያት ቤት ከጣራ ሥር ይወጣል፤ አንዳንዱን ቁራሌው ይሰበስበዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ይመጣል። ችግሩ «የታደሰ» የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን መያዙ ነው። አንዱ መሣሪያውን ወደ ሥራ የመለሰ ሰው ልፋት ነው፤ ሌላው ለገዢ ዓይን ሲባል የተደረገ ውልወላ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አምሮ የሚታየው ሁለተኛው ነው።

ይህን ያወቅሁት በገንዘቤ ነው። ወጣት ሳለሁ ኮምቦልቻ ላይ የአንድ መጋዘን ጣሪያ ለመሥራት ተዋውለን፣ ከአንድ ነጋዴ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ አዲስ እጀታ የገባለት መሮ ገዛሁ። ወይራ ላይ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስጀምር፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምት ድምፁ ተለወጠ፤ ጥርት ያለው ድምፅ ወርዶ ደነዘዘ። ነቅዬ ሳየው ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ ወደ ኋላ ተጣጥፏል። ስዬ ደግሜ ሞከርሁ፤ ደግሞ ተጣጠፈ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ መሮውን ወደ ብርሃን አዙረው፣ ማወልወያው ያልደረሰበትን የጎኑን ጠርዝ በጣታቸው አሳዩኝ። እዚያ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ ቀለም ነበረ። «ይህ ብረት ተቃጥሏል ልጄ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሩ መሮ ሲሠራ መጀመሪያ በእሳት ግሎ በመጥለቅ ይጠነክራል፤ ቀጥሎም እንዳይሰባበር ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይሞቅና የገለባ ቀለም ሲይዝ ይቆማል። አዳሹ ቸኩሎ በግራይንደር (በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መሳያ) ሲስለው ግን የቀጭኑ ስለት ሙቀት በሰከንዶች ውስጥ ወደ 300 ዲግሪ ይወጣል፤ ብረቱ ሰማያዊ ይሆንና ጥንካሬው ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ቀለሙን ወልውሎ ማጥፋት ይቻላል፤ ልስላሴው ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በቀለም ብቻ አትመኑ። ትንሽ ደቃቅ ሞረድ በኪሳችሁ ያዙ፤ ከባለ ዕቃው ፈቃድ ጠይቃችሁ መጀመሪያ የመሮውን አካል ወደ እጀታው አካባቢ፣ ቀጥሎ የስለቱን ጥግ ቀስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሞረዱ አካሉን ነክሶ ስለቱ ላይ ሲደርስ የሚንሸራተት ከሆነ ብረቱ ደህና ነው። ሁለቱንም እኩል ከነከሰ ዕቃውን በምስጋና መልሱለት። አንድ ጎበዝ ቀጥቃጭ እንዲህ ያለውን መሮ እንደገና ሊያጠነክረው ይችላል፤ የእርሱን ዋጋ ግን ከመሮው ዋጋ ላይ ደምሩበት።

ሞረዱ በአካሉና በስለቱ መካከል ልዩነት የሚያገኘው በአጋጣሚ አይደለም። የድሮ ሠሪዎች ጠንካራ ብረት ውድ ስለነበረባቸው የመሮውን አካል ከለስላሳ ብረት ሠርተው፣ ከስለቱ በኩል ብቻ የጠንካራ ብረት ምላስ በእሳት ቀጥቅጠው ይለጥፉበት ነበር። ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጋችሁ በደንብ ብታዩት ሁለቱ ብረቶች የተገናኙባት ቀጭን መስመር ትታያለች። ያቺ መስመር የመሮው ቀሪ ዕድሜ ናት። ከስለቱ ተነሥቶ የጠንካራው ብረት ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከቀረ፣ የቀድሞው ባለቤት መሮውን በልቶ ጨርሶታል። አንዳንዱ ላይ በላቲን ፊደል «ካስት ስቲል» የሚል ማኅተም ታገኛላችሁ። ይህ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ የምጣድና የምድጃ ብረት ማለት አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ ባወጣው ዘዴ፣ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ቀልጦ የተጣራ ምርጥ ብረት ነው። ማኅተሙን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሞረዱን ግን ከኪሳችሁ ከማውጣት አያስቀራችሁ።

ቀጥሎ ጀርባውን ተመልከቱ። የመሮ ጀርባ ሜዳ ካልሆነ እንጨቱን ቀጥ አድርጎ አይወርድም። አዳሽ ዝገት ለማጥፋት ሲል ጀርባውን በማወልወያ ያጎብጠዋል፤ የባሰው ደግሞ አላዋቂው ስለቱን በሁለቱም ጎን ይስለዋል። የብረት ማስመሪያ ጀርባው ላይ አጋድማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ከሥሩ ብርሃን ሾልኮ ከታየ ለማስተካከል ብዙ ቀን ይፈጅባችኋል። ስለቱ አጠገብ በጀርባው በኩል የዝገት ጉድጓድ ካለም አትግዙት፤ በተሳለ ቁጥር ጉድጓዱ ስለቱ ላይ ይወጣና ጥርስ ይሆናል። ከላይ በኩል ያለ ጉድጓድ ግን ምንም አይጎዳም።

በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ መጥረቢያ ለጥርብ እንጨት የተሠራ ነው፤ ሜዳው ጎን ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። እርሱንም በሁለት ጎን ስለው የሚሸጡ አሉ፤ እንዲህ ያለው ለማገዶ እንጂ ለጠርብ አይሆንም። ስለ ዛቢያው ደግሞ የአገራችንን አየር አትርሱ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር አካባቢ ትሆናላችሁ። በደሴ ጉም ጠብቆ የገባ ዛቢያ በኮምቦልቻ ሙቀት ይደርቅና ይላላል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የመጥረቢያውን ራስ ነቅንቁት፤ ከላላ ሽብልቁን አጥብቁ። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍን ግን ተዉት፤ እንጨቱ አብጦ በብረቱ ይጨመቅና ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል።

መጋዝን በርዝመቱ አነጣጥራችሁ እዩት። ጥርሱ ቢደነዝዝ ይሞረዳል፤ ወረቀቱ (ስስ ብረቱ) ላይ የታጠፈ ስብራት ካለ ግን የሚያቃናው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) ለመፈተን ቀጥ ባለ የጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ መስመር አስምሩ፤ ገልብጣችሁ ከዚያው ነጥብ ድገሙ። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ፣ ልዩነቱ የስህተቱ እጥፍ ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ሌላ ሰው ካሳመረው ይልቅ እንደ ዛገ የቀረውን እመርጣለሁ፤ ዝገት ምንም አይደብቅም። አሁን የምሠራበትን ትልቁን መሮ ያገኘሁት ደሴ ሰኞ ገበያ ከዶማና ከማጭድ ክምር ሥር ነው። እጀታ አልነበረውም፤ እጀታው የሚገባበት አንገት ግን በመዶሻ ተመትቶ አልተሰነጠቀም፤ ይህን ሁልጊዜ በጥፍራችሁ ዳብሱ። ሻጩ እንደ ብረት ቁራጭ ቆጥሮ በርካሽ ሰጠኝ። አንድ ሌሊት ኮምጣጤ ውስጥ አሳደርሁት፤ ጠዋት በሳሙና አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ዘይት ቀባሁት። ቀዩ ዝገት ለቅቆ ግራጫው አካል ሲወጣ ያቺ መስመር ከጎኑ ታየች፤ ከስለቱ ወደ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበረች። ከወይራ እጀታ አበጀሁለት፤ በውሃና በድንጋይ ብቻ ሳልሁት፤ ግራይንደር ነክቶት አያውቅም። ከስንት ጣሪያ በኋላ ዛሬም 4 ሴንቲ ሜትር ቀርቶታል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስትገዙ ሻጩን ደረቅ የጽድ ቁራጭ ላይ ልሞክረው በሉት፤ ቁራጩን ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃውን የሚያምን ሰው አይከለክላችሁም። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ቀብድ ሳታስይዙ እኔ ዘንድ አምጡት፤ ሞረዴና ማስመሪያዬ ከበሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ናቸው።