ቀረጥ አልመጣም፣ ወረቀቱ ግን መጣ፦ ስለ ብሬግዚት ለጠየቃችሁኝ

ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፤ ለዓመታት የሠራሁት ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ መሙላት ነው። ብሬግዚት የሚባለው ብሪታኒያ (እንግሊዝ) ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ ነው። ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ቀረጥ የለም ከተባለ የእንግሊዝ ገበሬ ምን ጎደለበት?

ወንድሜ፣ ብሪታኒያ ከኅብረቱ ጋር ባደረገችው የንግድ ስምምነት ቀረጥ ዜሮ ነው፤ የዕቃው ምንጭ ብሪታኒያ መሆኑ እስከተረጋገጠ ድረስ። እስከ እ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ የብሪታኒያ ክፍል ከሆነችው ከዌልስ የሚላክ የበግ ሥጋ ፈረንሳይ የሚገባው ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን እንደሚመጣ ጭነት ነበር። ከ2021 ጀምሮ ግን ዲክላራሲዮን፣ በእንስሳት ሐኪም የተፈረመ የጤና ምስክር ወረቀትና ቅድመ ማስታወቂያ ይጠየቃል፤ የፈረንሳይ ወደብ ካሌ ሲደርስም ፍተሻ ይጠብቀዋል። የሐኪሙ ፊርማ ቀለም እንኳ ከሕትመቱ ቀለም መለየት አለበት! የአሥር ነጋዴ ዕቃ በአንድ መኪና ተጭኖ የአንዱ ወረቀት ቢበላሽ ዘጠኙ አብረው ይቆማሉ። ትልቁ ላኪ ለዚህ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ሃያ ሠላሳ በግ ያለው ግን መላኩን ይተወዋል።

ከደብረ ሲና፦ እንግሊዝስ የአውሮፓን ዕቃ አትፈትሽም?

ቀጠሮ ስትሰጥ ከረመች። የጤና ምስክር ወረቀት መጠየቅ የጀመረችው በጃንዋሪ 2024፣ በአካል መፈተሽ ደግሞ በኤፕሪል መጨረሻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷ ገበሬ ኬላ ላይ ሲንገላታ የጎረቤት ሥጋና አይብ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። እኔ ገበሬ ብሆን ከመውጣቱ ይልቅ ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

ከአረርቲ፦ ምስርና ሽምብራ ለምንልክ ሰዎችስ?

የአውሮፓ ኅብረትም የብሪታኒያም ገበያ ለኢትዮጵያ ከቀረጥ ነጻ ነው፤ ብሪታኒያ ከ2023 ጀምሮ የራሷን የታዳጊ አገሮች የንግድ ሥርዓት ዘርግታለች። ነገር ግን የሆላንድ ወደብ ሮተርዳም ላይ አውርደው ግማሹን ለንደን ለማድረስ ካሰቡ የሚያልፉት ሁለት ጉምሩክ ነው። ሁለት ገዢ ካለዎት ጭነቱን ከዚሁ ለሁለት ይለያዩት።

ከሸዋ ሮቢት፦ የሾፌሩን ሳንድዊች ቀሙት የተባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ከብሪታኒያ ሲገባ ሆላንድ ውስጥ። ሥጋ ነበረበት፤ ከኅብረቱ ውጭ ሥጋ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው።

ከሞላሌ፦ የመንዝ በግ ታዲያ አሁን ለንደን ይገባል?

አይገባም፣ እህቴ። የአፍና እግር በሽታ አገራችን ውስጥ እያለ ለንደንም ሆነ ፓሪስ በራቸውን አይከፍቱም። የእኛ በግ መንገዱ ወደ ዓረብ አገሮች ነው።