ፊቷ እምቢ ካለሽ ከዕቃዋ ጀምሪ

እህቴ፣ መጽናናቱን ይስጥሽ። እናትሽ ካረፉ ወዲህ መልካቸውን ልትስዪ ስትቀመጪ እጅሽ አልታዘዝ እንዳለሽ ጽፈሻል፤ ሀዘንን ሥዕል ማድረግ ነውር ይሆን ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ምንም ነውር የለውም። ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ የሟችን ሙያና መልክ በግጥም እያነሳች ሰዉን ስታስለቅስ ማን ነውር ይላል?

እጅሽ እምቢ ማለቱም አያስደንግጥሽ። ጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራጺ ካቴ ኮልቪትዝ ልጇ ፒተር እ.ኤ.አ. በ1914 ቤልጅየም ውስጥ ጦር ሜዳ ሲሞትባት መታሰቢያ ልትሠራለት ተነሳች፣ ተወችው፣ እንደገና ጀመረች፤ ሐውልቶቹ መካነ መቃብሩ ላይ የቆሙት በ1932 ነው። 18 ዓመት! በመጨረሻም የቀረጸችው ልጁን አይደለም፣ የተንበረከኩ እናትና አባት ነው። አባትየው ራሱን በእጆቹ አቅፏል፣ እናትየው አቀርቅራለች፤ ጎን ለጎን ሆነው እንኳ አይነካኩም። እኔን ሁሌም የሚያመኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ፊታቸውን ለጊዜው ተዪው። እኔ አባቴ ሲያርፍ የሳልኩት ባርኔጣውን ነው። ላቡ ጠርዙ ላይ የተወውን ነጭ መስመር በእርሳስ ስከተል እንባዬ መጣ፣ ቀብሩ ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። የእናትሽ ነጠላ ወይ የቡና ስኒ ካለ ፊትሽ አስቀምጪና ሞክሪ። ካልሆነልሽ ወረቀቱን አስቀምጪው እንጂ አትቅደጂው።