4294967297ን በእርሳስ ፍቱት

ውድ ወጣቶች፣

ሒሳብ ለምትማሩም ፕሮግራም ለምትጽፉም አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የ4294967297ን አካፋዮች ፈልጉ፤ ቁጥሩ 2³² ላይ 1 ሲደመር ይገኛል። ካልኩሌተራችሁን ለጊዜው አስቀምጡት።

የሒሳብ ሊቁ ፒየር ዴ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537ን አየ። ሁሉም በዚሁ መንገድ (2¹፣ 2²፣ 2⁴፣ 2⁸ እና 2¹⁶ ላይ 1 በመደመር) የተሠሩ፣ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ተከታዩም፣ ማለትም የእኛው 2³² + 1፣ እንዲሁ ይሆናል ብሎ አመነ። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 አካፋይ አገኘለት፦ 641 × 6700417። አምስት ምሳሌ ስለተሳካ ብቻ ስድስተኛውን አትመኑት።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ፍለጋው ነው። ፍለጋው እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር፣ ማለትም እስከ 65536 ገደማ ይበቃል፤ እስከዚያ ድረስ 6542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ከ2 ጀምሮ ተራ በተራ የሚያካፍል ሰው 641ን የሚሞክረው በ116ኛው ነው። እናንተ ግን ከማካፈላችሁ በፊት «አካፋዩ ምን ዓይነት ቁጥር መሆን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብቸኛ ቁጥር p ይህን ቁጥር ካካፈለ፣ 2³² በp ሲካፈል ቀሪው −1 (ማለትም ለሙሉ ማካፈል 1 ይጎድለዋል)፣ 2⁶⁴ ሲካፈል ደግሞ 1 ነው። ስለዚህ ቀሪው 1 የሚሆንበት ትንሹ ርቢ 64 ነው። በፌርማ በራሱ ሕግ መሠረት 2 በp − 1 ርቢም ቀሪው 1 ስለሆነ፣ p − 1 በ64 ይካፈላል። በዚህ ማጣሪያ የሚያልፉት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው፤ አምስት ሙከራ ብቻ! የሒሳብ ሊቁ ሉካ በ1878 ማጣሪያውን ወደ 128 ሲያጠብቀው 257 እና 641 ብቻ ቀሩ።

641 ማካፈሉን ያለ ረጅም ማካፈል ማሳየት ይቻላል። 641 = 5 × 2⁷ + 1 ነው፤ 641 = 5⁴ + 2⁴ም ነው። ከመጀመሪያው፣ 5 × 2⁷ ቀሪው −1 ስለሆነ አራተኛ ርቢው 5⁴ × 2²⁸ ቀሪው 1 ነው። ከሁለተኛው፣ በ5⁴ ቦታ −2⁴ን ተኩ፤ −2³² ቀሪው 1 ይሆናል። ስለዚህ 2³² + 1 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የመቀነስ ምልክቷን ከዘለላችሁ ቀሪው 2 ይመጣባችኋል፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚች ላይ ነው።

6700417ስ? ዳግም ዘሩ ከ2589 በታች ነው፤ የእሱም አካፋዮች የግድ 128k + 1 ናቸው (k ሙሉ ቁጥር ነው)። 257፣ 641፣ 769፣ 1153፣ 1409ን ሞክሩ። አንዳቸውም አያካፍሉትም፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው።

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ቁጥር በ32 ቢት ብታስቀምጡት 1 ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ላይኛዋ ቢት ትወድቃለች። በ64 ቢት ይገባል፤ ዳግም ርቢው 18446744082299486209 ግን አይገባም። ስለዚህ ቀሪ ለማስላት ደጋግማችሁ ስታባዙ መልሱ ምንም ሳያስጠነቅቃችሁ ይበላሻል። ፓይተን ውስጥ ይህ ችግር የለም። ሁለተኛው፦ የፌርማ ፈተና 2 በn − 1 ርቢ በn ሲካፈል ቀሪው 1 መሆኑን ያያል፤ ይህን በ2 የሚደረግ ፈተና ቁጥራችን ያልፋል፣ ብቸኛ ሳይሆን! በ2 ፈንታ በ3 ፈትኑት፤ ያኔ ይወድቃል።

ከዚህ ቀጥሎ 2⁶⁴ + 1ን ውሰዱ። የእሱ አካፋዮች 256k + 1 ናቸው፤ የመጀመሪያው 274177 ሲሆን k እዚያ ላይ 1071 ነው። ላንድሪ የተባለ የሒሳብ ሰው በ1880 ያለ ኮምፒዩተር አግኝቶታል፤ እናንተ በፓይተን ሦስት አራት መስመር ይበቃችኋል።