ከ8 ሰዓት በኋላ፦ ከቆርቆሮዋ የወጡ ጥያቄዎች

እዚህ ደሴ፣ በሰፈራችን የቅሬ (የእድር) አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እንሰበሰባለን። ከሱስ የወጡ አሉ፣ ለመውጣት የሚታገሉ አሉ፣ ልጃቸው የገባባቸው እናቶች አሉ። በሩ አጠገብ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጣለች። ፊት ለፊት መጠየቅ ያፈረ ሰው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይጥልባታል። ሰሞኑን ሞልታ አልከደን አለች። ስለዚህ ተቀምጬ መመለስ ጀመርኩ።

ስለ እኔ ባጭሩ፦ 11 ዓመት ቅሜያለሁ፣ ማታ ማታም ጨብሼያለሁ። ከተውኩ 9 ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሕክምና የሚነካውን ሁሉ አብራን ያለችው የአእምሮ ጤና ነርስ አይታዋለች።

"ልጄ አረቄ ከጀመረ 4 ዓመቱ ነው። ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቤት ቆልፌበት 3 ቀን ባቆየው አይተወውም?" (እናት፣ ከሆጤ)

እማማ፣ እባክዎ አይቆልፉበት። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ ያለ መጠጥ መቆም አቅቶታል። ድንገት ሲያቆም መጀመሪያ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት አለ። ይሄኛው ካልታከመ ይገድላል። እርስዎ ሊቆልፉበት ያሰቡት 3 ቀን ዋናው አደገኛ ጊዜ ነው።

ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ይዘውት ይሂዱ። በቀን ስንት እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ እውነቱን ይንገሩ። እናቶች አፍረው ይቀንሳሉ። ሐኪሙ ግን መድኃኒቱን የሚለካው በዚያ ነው። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጡታል፤ እሱ ሲጎድል የጠጪ ሰው አንጎል ይጎዳል። ሐኪም እስኪያየው ድረስ ጨርሶ አያስቁሙት። ይህን ለእናት መናገር ይከብደኛል፣ ግን እንደዚያ ነው።

ፀበሉንም ዱአውንም ማንም አይከለክልዎትም። ብቻ መድኃኒቱን አያስጥሉት።

"ጫት ቅጠል ነው፣ ሱስ አያስይዝም ይላሉ። እኔ ልተው ብዬ ዱካክ ገደለኝ።"

ታዲያ መልሱን አንተው ሰጠኸው! ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ። ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉ ይወርዳል። ቀትር ላይ የጫት መኪናው ሲገባ ከተማው ሁሉ የሚሯሯጠው ለዚህ ነው።

ጫት ማቆም እንደ አረቄው ለሕይወት አያሰጋም። ድካም፣ ድብርት፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር፣ ሌሊት ደግሞ ያ የምታውቀው ደረትህ ላይ የሚቀመጠው ዱካክ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይለቃል። ድብርቱ "ብሞት ይሻላል" ወደሚል ሐሳብ ከሄደ ግን አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂድ።

ለእኔ ዱካኩ አለፈ። ያላለፈኝ 8 ሰዓት ነው። ምሳ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ እግሬ ራሱ ተነስቶ ይሄድ ነበር። ጓደኞቼ የት እንዳሉ አውቃለሁ፣ የትኛው ፍራሽ የእኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐራራው የቅጠሉ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ የፍራሹም፣ የወሬውም፣ "የት ጠፋህ?" የሚል ሰው መኖሩም ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በእግሬ ስመላለስ እውል ነበር። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ እንኳ አልገባም። ሰው እብድ ነው ይለኝ ነበር አሉ። ስብሰባችን 8 ሰዓት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይማ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው።

"'ታላቅ' እና 'ታናሽ' የምትሉት ምንድን ነው? ምክር መስጠት ነው?"

ምክርማ በየቤቱ ሞልቷል። ልጁ ምክር አልጎደለበትም፣ ከምሳ በኋላ የሚሄድበት ቤት ነው የጎደለበት። እኛ አንድን ወጣት ('ታናሽ') ከአንድ የሰፈር ሰው ('ታላቅ') ጋር እናገናኛለን። ሰውየው ሥራ ያለው ይሁን እንጂ ምንም ይሁን። ልጁ እዚያ ይውላል።

አንድ ላሳይህ። ባጃጅ ይነዳ የነበረ የ22 ዓመት ልጅ ነው። ሐኪም ዘንድ ቆይቶ ሲወጣ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ተቀበሉት። የመጀመሪያ ሥራው ቁልፍ መትከል ነበር። እጁ ገና ስለሚንቀጠቀጥ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት አልቻለም። ደንበኛ ፊት ሦስት አራት ጊዜ ሞክሮ መርፌውን ወረወረው። ሽማግሌው ምንም አላሉም። በማግስቱ ሲመጣ 12 መርፌ ክር ገብቶላቸው ብጣሽ ጨርቅ ላይ ተሰክተው ጠበቁት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከምሳ በፊት ይሰኩለት ነበር። ስለ መጠጥ አንድም ቀን አላነሱበትም። አንድ ቀን ገብቼ ሳይ መርፌዎቹ ባዶ ናቸው። "ረሱት እንዴ?" አልኳቸው በሹክሹክታ። "እሱ ነው 'ተዉት፣ እኔ አስገባለሁ' ያለኝ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ።

"ዲግሪ አለኝ፣ ወጣቶችን መርዳት እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው የምትፈልጉት?"

ሰዓት የሚያከብር። ዲግሪው አይጎዳም።

ከልቤ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ታላቅ የተመደበላቸውን ልጆች የተከታተለ ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ግንኙነቱ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀላቸው ልጆች ናቸው በደንብ የተጠቀሙት። በ3 ወር ሳይሞላ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ጭራሽ ወረደ። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ካሰብክ አሁን አትጀምር። አንድ ተጨማሪ ሰው ጥሎት ሲሄድ ልጁ የሚማረው መጥፎ ትምህርት ነው።

ባለሙያ አለመሆንህ አያስጨንቅህ። ዚምባብዌ ሐራሬ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አያቶች ሠልጥነው፣ በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጭንቀት የያዘውን ሰው ያነጋግራሉ። ውጤቱ ተጠንቶ ሠርቷል። እኛ ጋ ወንበሩ የለም እንጂ አያቶቹ አሉ፣ ቡናውም አለ።

ሦስት ነገር ግን አጥብቀን እንይዛለን። ገንዘብ አታበድርም። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር በተዘጋ ቤት ብቻህን አትሆንም። ልጁ የነገረህን ምስጢር ቡና ላይ አታወራም። የመጨረሻዋን የጣሰ አንድ ሰው ነበር። ልጁ ሰፈር ለቀቀ። ሰውየውን አሰናበትነው፣ ልጁን ግን መመለስ አልቻልንም።

"እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። በሺፍት ነው፣ ቅዳሜ ደሴ መውጣት አይመቸኝም።"

የሐረጎን ዳገት ለስብሰባ ብለህ አትውጣ፣ ትሰለቻለህ። እዚያው ጀምሩት። ሦስት ሰው ይበቃል። አሜሪካኖቹ የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበራቸውን በ1935 እ.ኤ.አ. ሲጀምሩ ሁለት ጠጪዎች ነበሩ፣ አንዱ ሐኪም። እርስ በርስ ሲነጋገሩ አለመጠጣት ቀለላቸው፣ በቃ። የአንተ አስቸጋሪ ሰዓት ደግሞ 8 ሰዓት ላይሆን ይችላል። የሌሊት ሺፍት ከሆንክ ጠዋት ስትወጣ ነው። ሰብሰብ የምትሉት በዚያ ሰዓት ይሁን። ከሥራ ወጥቶ አብሮ ቁርስ የሚበላ ሰው መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

"አባቴ ዱአ ላይ ይቅማል፣ ሁሉም ያከብረዋል። እኔ ስቅም ሱሰኛ ትሉኛላችሁ።"

ጥሩ አድርገህ ነካኸኝ። ወሎ ተቀምጠን ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም። ዱአ ላይ ስለሚቃመው ጫት እኔ ፈትዋ አልሰጥም፤ ሼሆቹ ራሳቸው ሲከራከሩበት የኖሩት ነገር ነው።

የማውቀውን ልንገርህ። አያቴ ሐሙስ ማታ ወዳጃ (የዱአ ስብሰባ) ላይ ይቅሙ ነበር። ዓርብ ጠዋት እርሻቸው ላይ ናቸው። ጫት ከጠፋ ቡና ጠጥተው ዱአቸውን ያደርጋሉ፣ የተቆጣም የለም። እኔ ደግሞ ጫት ሲጠፋ የሰው ገረባ ለቅሜያለሁ። ያኔ ወንድሜ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። እስቲ ከሰኞ ጀምረህ ሁለት ሳምንት ተወው። ከቻልክ እሰየው፣ እኔም ዝም እላለሁ። ካልቻልክ ግን የአባትህን ዱአ ምክንያት አታድርገው።

"የቅሬው ገንዘብ ለቀብር ነው። ለሱሰኛ ለምን ይወጣል?"

ይሄ ወረቀት ላይ የሰውየው የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ያስታውቃል፣ አባቴ! በስብሰባም ጠይቀውናል። ያኔ የመለሱልዎ አንዲት ሴት ናቸው፦ "የኔን ልጅ ስትቀብሩት ድንኳን ተከላችሁ፣ ንፍሮ ቀቀላችሁ፣ ሦስት ቀን ተቀመጣችሁ። በቁሙ ሳለ ለሕክምናው መሄጃ አጣሁ።" ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም። አሁን ከቅሬው የምንወስደው አዳራሹን፣ ወንበሩንና ለሐኪም ቤት መሄጃ የባጃጅ ብቻ ነው። ሒሳቡ በየወሩ በር ላይ ይለጠፋል። መጥተው ያንብቡት።

"ሁሉም የሚያወራው ስለ ወንድ ነው። የምጠጣው እኔ ነኝ። ባለቤቴ አያውቅም።" (ስም የለውም)

እህቴ፣ አብሽሪ። ብቻሽን አይደለሽም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሴቶች ብቻ የሚጠጡት ቡና አለ፣ በአንዲት እናት ቤት። የቡና ጥሪ ስለሆነ "የት ነበርሽ?" ለሚልሽ ሰው መልስ አለሽ። በየቀኑ የምትጠጪ ከሆነ፣ ከላይ ለመጀመሪያዋ እናት የጻፍኩት ለአንቺም ይሠራል፤ በድንገት አታቁሚ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ለነገ አትበይ። ቤቱን ለማወቅ ነርሷን ለብቻዋ አነጋግሪያት። እኔ ባላውቅ ይሻላል።

"ጓደኞቼ ትራማዶል ይውጣሉ። ከቢራ ጋር ጥሩ ነው ይላሉ።"

ትራማዶል በሐኪም የሚታዘዝ የሕመም ማስታገሻ ነው። ሲበዛ ያንፈራግጣል። ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያዳክማል፣ ተኝቶ አለመነሣት አለ። ጓደኛህ አንኮራፍቶ ስትቀሰቅሰው ካልነቃ በጎኑ አስተኛውና ወደ ሐኪም ቤት ሩጥ። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን አያቁመው፣ በሐኪም ይቀንስ።

"ትምህርት ቤት አጠገብ ያለው ሱቅ ለተማሪ አረቄ ይሸጣል። ሕግ የለም?"

አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥ ይከለክላል። መጀመሪያ ግን ባለሱቁን በሽማግሌ አነጋግሩት። እኛ ሰፈር ሁለቱ በዚያው ተመልሰዋል። ሦስተኛው አልሰማም፣ የእሱ ጉዳይ ወደ ቀበሌ ሄደ።

"ታናሼ 8 ወር ቆይቶ ለሠርግ ሄዶ ጠጣ። ለፍቼ ለፍቼ ዜሮ ሆንኩ።"

ዜሮ አይደለህም። 8ቱ ወር የትም አልሄደም፣ እሱ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ አንዱ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። የከፋው የጠጣሁበት ሌሊት አልነበረም። በማግስቱ ማንም ስላልደወለልኝ ሁለት ወር ቀጠልኩበት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሂድበት። "ለምን?" አትበለው፣ "ምሳ በላህ?" በለው። ትንሽ ቆይታችሁ ማን አጠገቡ ተቀምጦ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደነበር አውሩ። ቀጣዩ ሠርግ ላይ አብረኸው ትሄዳለህ፣ ኬክ ሲቆረስ ትወጣላችሁ። አንድ ነገር ግን ንገረው፦ እንደ ትራማዶል ያለ ክኒን ይወስድ የነበረ ሰው ከቆየ በኋላ የድሮውን መጠን ቢወስድ ሰውነቱ አይችለውም። ብዙ ሰው የሚሞተው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

"አሁንም እቅማለሁ። ቅዳሜ መምጣት እችላለሁ ወይስ መጀመሪያ መተው አለብኝ?"

ና። ትተህ ብቻ ና ብንል አዳራሹ ባዶውን ይቀር ነበር።

ጫት ይዘህ ግን አትገባም። በሩ ላይ ሚስማር አለ፣ ፌስታልህን እዚያ ታንጠለጥላለህ። ስትወጣ ይዘህ መሄድ መብትህ ነው፣ የሚያይህም የለም። አንዳንዱ ረስቶት ይሄዳል፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ይረሳዋል። የዘበኛው ፍየል እነዚህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ከበሩ ሥር አትጠፋም።