የለንደን ብርድ በ7 ኪሎ ሻንጣ
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጃንዋሪ አጋማሽ ለስምንት ቀን ለንደን፣ እኅቴ ጋ እሄዳለሁ። ትኬቴ የሚፈቅደው 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ብርዱ ከባድ ነው ስለተባልኩ ወፍራም ወፍራሙን ልብስ ስሰበስብ ሻንጣው በሁለት ሹራብና በአንድ ካፖርት ሞላ። ምን ልያዝ? ምን ልተው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወፍራሙን ወደ ቁም ሳጥኑ ይመልሱት። በጃንዋሪ ለንደን ቀን ላይ 8 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥበትም። ሰውን የሚያንቀጠቅጠው እርጥበቱ ነው። ዝናቡ እንደ እኛ የነሐሴ ዶፍ አይደለም፤ በወር ውስጥ የሚወርደው 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ በነሐሴ ብቻ ከ200 በላይ ታገኛለች። ነገር ግን ካፊያው ከነፋስ ጋር ሆኖ ሲያርከፈክፍ ይውላል፤ ፀሐይም ከ11 ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ የረጠበ ልብስ ደጅ አይደርቅም። ውሃ ደግሞ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል። እርጥብ ካልሲ አድርጎ የሚዞር ሰው ከላይ የቱንም ያህል ቢደርብ ቆፈን አይለቀውም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ልብስ ወደ ሻንጣ ከመክተትዎ በፊት ቤትዎ ይፈትኑት። ማታ ይጠቡት፣ ቤት ውስጥ ይስቀሉት፣ ጠዋት ይዳስሱት። በደረቁ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ አየር ካልደረቀ ለንደን ላይ ተስፋ የለውም። ጂንስ በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ ጥጥ ውሃውን ይዞ ያድራል፣ አንዱ ጂንስ ብቻውን ደግሞ 700 ግራም ሊመዝን ይችላል። የናይለን ወይም የፖሊስተር ሱሪ ግማሹን ያህል መዝኖ በአንድ ሌሊት ይደርቃል። ጋቢም ይቅር፤ እኅትዎ ቤት ብርድ ልብስ አለ።

አለባበሱ በሦስት ድርብ ይሁን፦ ከሥር ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ካናቴራ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት። አንድ ወፍራም ካፖርት የማንመክረው የምድር ባቡሩም፣ ሱቁም፣ አውቶቡሱም ስለሚሞቅ ነው። ካፖርት ለብሰው ባቡር ውስጥ ያልብዎታል፤ ወደ ደጅ ሲወጡ ያ ላብ ይቀዘቅዝብዎታል። ሹራብ ግን አውልቆ ቦርሳ ውስጥ መክተት ይቻላል።

ከባድ ከባዱን ለብሰው ይሳፈሩ፦ ጃኬቱን፣ ወፍራሙን ሹራብ፣ ዋናውን ጫማና አንዱን ሱሪ። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ ሦስት ስስ ካናቴራ (600 ግራም)፣ አንድ ስስ ሹራብ (300)፣ አንድ ሱሪ (350)፣ አንድ ሙቀት የሚይዝ ታይት (180)፣ አራት የውስጥ ሱሪ (230)፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ (180)፣ የሌሊት ልብስ (250)፣ ቀላል ጫማ (500)፣ ጃንጥላ (300)፣ ሳሙናና ቅባት (500)፣ ቻርጀርና መሰል ነገሮች (700)። ድምሩ 4 ኪሎ ከ90 ግራም ነው። አንድ ኪሎ በሚመዝን የጨርቅ ቦርሳ ከያዙት 5 ኪሎን ጥቂት ያልፋል፤ የቀረው ለስጦታ ይሆናል። ጠንካራው ባለ ጎማ ሻንጣ ግን ባዶውን ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ብዙ ሰው ኤርፖርት ላይ የሚያዝነው በልብሱ ሳይሆን በሻንጣው ክብደት ነው። ቤት ውስጥ ለመመዘን ሻንጣውን ይዘው ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ የራስዎን ክብደት ይቀንሱ።

አንድ ካልሲና አንድ ካናቴራ በፌስታል ጠቅልለው ከታች ያስቀምጡ፤ ማታ ካልሆነ በቀር አይንኳቸው። ምንም ቢዘንብ ማታ የሚለወጥ ደረቅ ልብስ ይኖርዎታል።

እጥበቱ በሦስት ቀን አንዴ ይበቃል። በእጅ መታጠቢያው ላይ በጥቂት ሳሙና ያሹት፣ በደንብ ያለቅልቁት፣ ሱፍ ከሆነ አይጠምዝዙት። ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተው ከፎጣው ጋር አብረው ይጠቅልሉ፣ ከዚያ በጉልበትዎ ይጫኑት። አብዛኛውን ውሃ የሚያወጣው ይህ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ ከሰቀሉት እስከ ጠዋት ይንጠባጠባል። ማሞቂያው አጠገብ እንጂ ማሞቂያው ላይ አይስቀሉት፤ ሱፍ ይኮማተራል። መስኮቱንም በጣት ስፋት ክፍት ያድርጉት፤ እርጥበቱ መውጫ ካጣ ልብሱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል።

ጥያቄ፦ ‘ውሃ አያስገባም’ ተብሎ የተሸጠልኝ ጃኬት በሁለተኛው ዓመት ትከሻው ላይ እየጠቆረ ውስጤን ያረጥበኛል። ለንደን ልሄድበት ነበር፤ ልጣለው? (አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ገና አይጣሉት። ትከሻው ላይ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ላዩ ደህና ነው። ተስፋፍቶ ጨርቁን ካጠቆረው የላይኛው ውሃ የሚገፋ ቅብ አልቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ባይቀደድም ውጪው ውሃ ስለጠጣ የገላዎ ላብ መውጫ ያጣል፤ ‘ዝናብ ገባ’ የሚባለው እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ የራስ ላብ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት፤ የልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አይጨምሩ፣ ቅቡን የሚያበላሸው እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። መለያው ላይ ማድረቂያ ማሽን የሚፈቅድ ምልክት ካለ በዝቅተኛ ሙቀት 20 ደቂቃ ያሽከርክሩት፤ ሙቀቱ የተረፈውን ቅብ ያነቃዋል። ጠብታው አሁንም ካልተንከባለለ ከስፖርት ዕቃ መደብር የሚረጨውን ቅብ ገዝተው ገና እርጥብ ሳለ ይርጩበት።

ከዚያ ጃኬቱን ገልብጠው ስፌቱን ይዩ። በእያንዳንዱ ስፌት ላይ እንደ ፕላስተር የተለጠፈ ስስ ቴፕ ሊኖር ይገባል። ጭራሽ ከሌለ ጃኬቱ ለካፊያ እንጂ ለዝናብ አልተሠራም፤ ቴፑ እየተላጠ ከሆነ ደግሞ ውሃው የሚገባው በዚያ ነው። አዲስ ከገዙ መለያው ላይ 10,000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚል (ጨርቁ የሚቋቋመው የውሃ ግፊት ልክ ነው)፣ ዳሌ የሚሸፍን፣ ቆቡ ከፊት ክንፍ ያለው ይምረጡ። የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ትከሻን ስለሚጫን ከዚህ ባነሰ ጃኬት ውሃው በዚያ በኩል ይገፋል። ላባ የተሞላ ጃኬት ብቻውን አይያዙ፤ ላባ ሲረጥብ ሟሽሾ ሙቀት መያዝ ያቆማል።

ጥያቄ፦ አንድ ጫማ ብቻ ይበቃል? ቢርስስ? (አንባቢ፣ ከሪያድ)

መልስ፦ አንድ ጠንካራ፣ አንድ ቀላል። ጠንካራው ሶሉ የሚይዝ፣ በወፍራም ካልሲ የማይጠብ ይሁን፤ ከጠበበ ደም ስለማይዘዋወር ጣት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቆዳ ከሆነ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ሰም ይቀቡት፣ በተለይ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበት ላይ። ከረጠበ ማሰሪያውን ይፍቱ፣ የውስጡን ንጣፍ ያውጡ፣ ጋዜጣ ጨፍልቀው ይሙሉት። መጀመሪያ የገባው ጋዜጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃ ስለሚጠግብ ይቀይሩት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ማሞቂያ ላይ ከተቀመጠ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ቅቤና ቋንጣ በእጅ ሻንጣ መውሰድ እችላለሁ? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱም አይሆኑም። ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ይወሰድብዎታል። በርበሬና ሽሮ ይያዙ፤ ፈታሽ ሊከፍተው ስለሚችል በደንብ አሽገው ከላይ ያድርጉት። ፈሳሽና ቅባት በ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ ይሁን። የሚታየው የዕቃው ልክ ነው፤ ግማሹ ባዶ የሆነ የ200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስም አያልፍም። አንዳንድ ኤርፖርቶች ሕጉን አላልተዋል፤ ግን መሸጋገሪያው ላይ እንደገና ሊፈተሹ ስለሚችሉ በጥብቁ ልክ ይዘጋጁ። ፓወር ባንክ ካለዎት ከእጅዎ አይለይ፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) የሚለው ያልፋል።

ጥያቄ፦ እዚያ ሠርግ አለብኝ። የሀበሻ ቀሚስ በዚህች ቦርሳ እንዴት ይገባል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ይመዝኑት፤ ጥልፉ የበዛበት ከአንድ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ከባዱን ትተው ቀለል ያለውን ይውሰዱ። ጥበቡን ወደ ውስጥ አድርገው በርዝመቱ አንዴ ይጠፉት፣ ነጠላውን መሐል አስገብተው ይጠቅልሉት፤ ነጠላው መሐል ካለ መታጠፊያው ስለታም አይሆንም። ጥቅሉን በፌስታል ከተው ከላይ ያስቀምጡ። ከሠርጉ አንድ ቀን በፊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰቅለው ሙቅ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ይልቀቁ፤ እንፋሎቱ ጭምድዱን ያወጣዋል። ከዚያ ወዲያው ወደ ደረቅ ክፍል ያውጡት፤ ጥጥ ስለሆነ እርጥበቱን ለመልቀቅ ሌሊቱን ይፈልገዋል። መንገድ ላይ በሱሪና በጃኬት ሄደው አዳራሹ ውስጥ ይቀይሩ፤ በረጠበ የእግረኛ መንገድ የተጎተተ ነጭ ጠርዝ በቀላሉ አይለቅም።